የሊኑክስ ሰርቨር ዲስክ አከፋፈል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ባሉ ትምህርት ቤቶች፣ ቢሮዎችና አነስተኛ ድርጅቶች ሊኑክስ ሰርቨር ለሚተክሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ለምሳሌ የወሰድነው 16 ጊጋባይት ራምና ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ያለው፣ ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 የሚጫንበት ማሽን ነው። ትዕዛዞቹ እንደሚነበቡ በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ኪቦርዱ ላይ ግን የሚተየቡት በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበትን ቦታ ለይተን ጠቅሰናል።

ዲስኩን መከፋፈል ለምን አስፈለገ? አንድ ትልቅ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) አይበቃም?

ለቤት ኮምፒውተር ይበቃል። ሰርቨር ግን ሌሊትም ሰው ሳያየው ይጽፋል፦ ሎግ (የሥራ መዝገብ)፣ ዳታቤዝ፣ ከተጠቃሚዎች የሚመጣ ፋይል። ሁሉም በአንድ ፓርቲሽን ላይ ከተቀመጠ አንዱ ሲያብጥ ሌላውን ያንቃል። የተበላሸ ፕሮግራም በአንድ ሌሊት ብዙ ጊጋባይት ሎግ ሊጽፍ ይችላል፤ ሩት ፓርቲሽኑ (ሲስተሙ ራሱ ያለበት ክፍል) ሲሞላ ዳታቤዙ ይቆማል፣ አገልግሎቶች አልነሳም ይላሉ፣ አንዳንዴ ለማጽዳት መግባት ራሱ ያስቸግራል። ገብሱንና ባቄላውን በአንድ ጎተራ የሚከት ገበሬ የለም፤ አንዱን ነቀዝ ቢያገኘው ሌላው ይተርፋል።

ሌላው ምክንያት ዳግም መጫን ነው። ሲስተሙ ቢበላሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ አዲስ ይጫናል። የተማሪዎች ውጤት ወይም የታካሚዎች ካርድ ግን ከየትም አይወርድም። መረጃው በራሱ ክፍል ካለ ሩቱን ብቻ ፎርማት አድርገው ሲስተሙን ይመልሳሉ፣ መረጃውን ማንም አይነካውም። ስለዚህ ፓርቲሽን ሲወስኑ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ይህ ቢጠፋ ከየት አመጣዋለሁ?» የሚለው ነው። መጠኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከመጀመሬ በፊት ምን ላዘጋጅ?

ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ፣ የተረጋገጠ ኢሜጅ (ሲስተሙ የሚጫንበት ፋይል)፣ እና በዲስኮቹ ላይ የነበረው መረጃ ሌላ ቦታ መገልበጡን ራስዎ ከፍተው ማየትዎ። የኡቡንቱ ሰርቨር ኢሜጅ ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው፤ መስመሩ ደካማ ወደሆነ ወረዳ የሚሄዱ ከሆነ ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት አውርደው ይዘው ይሂዱ። የዴቢያን (የሌላው የሊኑክስ ዓይነት) ኔትኢንስት ኢሜጅ መጠኗ ትንሽ ስለሆነ ትማርካለች፤ ነገር ግን ቀሪውን ጥቅል ከኢንተርኔት ስለምታወርድ መስመሩ መሐል ላይ ሲቋረጥ ሥራውም ይቋረጣል። ለገጠር ሥራ ሙሉውን ኢሜጅ ይያዙ።

ያወረዱትን በ«ሻ256ሰም» አስልተው ከማውረጃው ገጽ ካለው ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። ጎዶሎ የወረደ ኢሜጅ ብዙ ጊዜ መጫኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው ስህተቱን የሚያሳየው፤ ያኔ ደግሞ ዲስኩ ተነክቷል።

ኤምቢአር ወይስ ጂፒቲ?

ጂፒቲ። ሁለቱም የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ዓይነቶች ናቸው። ኤምቢአር ባለ 512 ባይት ሴክተር ባላቸው ዲስኮች ከ2.2 ቴራባይት በላይ ያለውን አያይም፣ የሚፈቅደውም አራት ዋና ፓርቲሽን ብቻ ነው። ጂፒቲ በተለምዶ 128 ይፈቅዳል፣ የሰንጠረዡን ቅጂም በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አሮጌ ሰርቨር ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት) ከሌለውና በባዮስ ብቻ ከሚነሳም ጂፒቲ ይሠራል፤ ግን 1 ሜጋባይት የምታህል «ባዮስ ቡት» ፓርቲሽን ትፈልጋለች። እሷን የዘነጋ ሰው ግረብን (ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ሲጭን ስህተት ይገጥመዋል።

ለምሳሌው ማሽን ለየትኛው ክፍል ስንት ልስጥ?

በመጀመሪያ የሻጩንና የሲስተሙን አቆጣጠር ይለዩ። ሻጩ 1 ቴራባይት ሲል አንድ ሺህ ቢሊዮን ባይት ማለቱ ነው፤ ሲስተሙ በ1,024 እያካፈለ ስለሚቆጥር የሚታይዎ 931 ነው። ምንም አልጎደለም። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በሲስተሙ አቆጣጠር ናቸው።

በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ 1 ጊጋባይት ለ/ቡት/ኢኤፍአይ፣ 2 ጊጋባይት ለ/ቡት፣ የቀረው በሙሉ ለኤልቪኤም (በኋላ ሊሰፉ የሚችሉ ክፍሎች ለሚቆረጡበት ሥርዓት)። የኢኤፍአይው ፋት32 ነው። ሁለቱን የ/ቡት ክፍሎች በአንድ ሬድ1 (ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ቅጂ የሚይዙበት ጥምረት)፣ ሁለቱን ትልልቅ ክፍሎች በሌላ ሬድ1 ያጣምሩ። በትልቁ ሬድ ላይ ኤልቪኤም ያነጥፉና ለሩት 40፣ ለ/ቫር (ሎግና ዳታቤዝ ለሚገቡበት) 60፣ ለስዋፕ (ራም ሲጠብ ለሚያግዝ የዲስክ ቦታ) 4፣ ለ/ኤስአርቪ 500 ጊጋባይት ይቁረጡ። ከ320 ጊጋባይት በላይ ሳይመደብ ይቀራል።

ይህንን ትርፍ አይንኩት። ብዙ ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ እንደ ብክነት ቆጥሮ ሁሉንም ያከፋፍላል፤ ከስድስት ወር በኋላ /ቫር ሲጠበው ወይም ዳታቤዙ ሲያድግ ከየት እንደሚያመጣ ይጨንቀዋል። በኤልቪኤም ክፍልን ማስፋት የአንድ ትዕዛዝ ሥራ ነው፣ ሰርቨሩንም ማጥፋት አያስፈልግም። ማጥበብ ግን አደጋ አለው፣ በአንዳንድ ፋይል ሲስተም (የፋይል አደራደር ዓይነት) ጭራሹን አይቻልም። ስለዚህ አሳንሰው ይጀምሩ፣ ሲጠብ ያስፉ።

/ኤስአርቪ የጋራ ፋይሎች የሚቀመጡበት ነው፤ ሳምባ የሚባለው የፋይል ማጋሪያ ፕሮግራም የሚያጋራውም እሱን ይሁን። የዳታቤዝ ፋይሎች በነባሪ /ቫር ሥር ስለሚገቡ ሰርቨሩ በዋናነት ዳታቤዝ የሚያስተናግድ ከሆነ ከ60 ወደ 150 ከፍ ያድርጉት።

በጫኚው ውስጥ ይህንን እንዴት አደርጋለሁ?

«ከስተም ስቶሬጅ ሌይአውት» የሚለውን ይምረጡ። የመጀመሪያውን ዲስክ «ዩዝ አዝ ቡት ዲቫይስ»፣ ሁለተኛውን «አድ አዝ አናዘር ቡት ዲቫይስ» ያድርጉ፤ ጫኚው የኢኤፍአይ ክፍሎቹን ራሱ ይፈጥራል። ከዚያ በሁለቱም ላይ የ2 ጊጋባይቱንና የቀሪውን ፓርቲሽን ሲጨምሩ ፎርማት የሚለውን «ሊቭ አንፎርማትድ» ላይ ይተዉ። እዚህ ላይ ኤክስት4 የሚባለውን ፋይል ሲስተም የመረጠ ሰው ቀጥሎ ሬድ ሲፈጥር ፓርቲሽኖቹ ለምርጫ አይቀርቡለትም፤ ብዙዎች ግራ የሚጋቡት እዚህ ነው። ቀጥሎ «ክሪኤት ሶፍትዌር ሬድ»፣ በመጨረሻም «ክሪኤት ቮሊዩም ግሩፕ»።

ሥራው ሲያልቅ፣ መረጃ ሳይገባ፣ ሰርቨሩን አጥፍተው አንደኛውን ዲስክ ይንቀሉና ያስነሱት። ከተነሳ መልሰው ይሰኩት፣ «ኤምዲአድም» በሚባለው መሣሪያ ወደ ሬዱ ይመልሱትና ቅጂው እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ ከዚያ በሌላኛው ዲስክ ይድገሙት። ሳይሞከር የቀረ ሬድ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ቡት ማድረጊያ እንደሌለው የሚታወቀው የመጀመሪያው የሞተ ቀን ነው።

ዝግጁውን አከፋፈል መርጬ ጫንኩ። ዲስኩ 1 ቴራባይት ሆኖ ሩቱ 100 ጊጋባይት ብቻ የሚያሳየው ለምንድን ነው?

ጫኚው ሆን ብሎ ነው። ከ200 ጊጋባይት በላይ በሆነ ዲስክ ላይ ለሩት 100 ብቻ ሰጥቶ ሌላውን ሳይመደብ ይተወዋል። «ቪጂኤስ» ብለው ሲያዙ ነጻው ቦታ ይታያል። ሩቱን በ50 ጊጋባይት ለማስፋት፦

ሱዱ ኤልቪኤክስቴንድ -አር -ኤል +50ጂ /ዴቭ/ኡቡንቱ-ቪጂ/ኡቡንቱ-ኤልቪ

ኤሏና ጂዋ ትልልቅ ፊደላት ናቸው፣ አሯ ትንሽ። አሯ ፋይል ሲስተሙንም አብራ ታሰፋለች፤ ከተረሳች ክፍሉ ይሰፋል፣ «ዲኤፍ -ኤች» ግን የድሮውን መጠን ማሳየቱን ይቀጥላል። ያኔ «ሪሳይዝ2ኤፍኤስ» ያሟላዋል።

ስዋፕ የራም እጥፍ መሆን አለበት ይባላል። እውነት ነው?

ራም በሜጋባይት በሚቆጠርበት ዘመን የወጣ ልማድ ነው። ከ2 ጊጋባይት በታች ራም ካለዎት እጥፉን፣ ከ2 እስከ 8 ከራሙ ጋር የሚስተካከል፣ ከዚያ በላይ እስከ 64 ድረስ 4 ጊጋባይት ይበቃል። ሰርቨሩ ሁልጊዜ ስዋፕ ላይ ከሆነ የጎደለው ራም ነው።

ኤክስት4 ወይስ ኤክስኤፍኤስ?

ለዚህ መጠን ኤክስት4። ኤክስኤፍኤስ ለትልልቅ ፋይልና ለብዙ ቴራባይት ጥሩ ነው፣ ግን ማጥበብ አይቻልም። ኤክስት4ን ከማውንት አውጥቶ (ከሲስተሙ ለይቶ) ማጥበብ ይቻላል፤ ባክአፕ ሳይወስዱ ግን አይሞክሩት።

ጫኚው ዲስኩን ጨርሶ አያየውም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ የሳታ ሁነታው «ሬድ» ላይ ከሆነ ወደ «ኤኤችሲአይ» ይቀይሩት። በማሽኑ ላይ የሚፈለግ ዊንዶውስ ካለ ይህ ለውጥ ዊንዶውሱን እንዳይነሳ ሊያደርገው ስለሚችል አስቀድመው ያስቡበት። ማሽኑ የሬድ ካርድ ያለው ያገለገለ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ካርዱ ዲስኮቹን በቀጥታ አያሳይም፤ ሲነሳ ወደ ካርዱ ምናሌ ገብተው ሎጂካል ድራይቭ መፍጠር ወይም ካርዱን ዲስኮቹን በቀጥታ ወደሚያሳይበት «ኤችቢኤ» ሁነታ መቀየር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከተገኘ እሱን ይምረጡ፤ ካርዱ ከተቃጠለ ዲስኮቹ በማንኛውም ሊኑክስ ማሽን ላይ ይነበባሉ። በካርዱ የተሠራ ሬድ ግን ተመሳሳይ ካርድ ፈልጉልኝ ይላል፣ እሱን ደግሞ በአቅራቢያ ማግኘት ከባድ ነው።

የትኛው ዲስክ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

/ዴቭ/ኤስዲኤ እና /ዴቭ/ኤስዲቢ የሚሉትን ስሞች አይመኑ፤ ፍላሽ ተሰክቶ ሲነሳ ሊቀያየሩ ይችላሉ። «ኤልኤስቢኤልኬ -ኦ ኔም,ሳይዝ,ሞዴል,ሲሪያል» ብለው (አራቱ የዓምድ ስሞች በትልልቅ ፊደል) በዲስኩ ልጣፍ ላይ ከተጻፈው ሲሪያል ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው በሳጥኑ ውጭ ይለጥፉት። ዲስክ ሲሞት ደህናውን ነቅሎ የሞተውን የመተው ስህተት የሚመጣው ይህ ወረቀት ሳይኖር ነው።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ፓርቲሽኑ ይበላሻል?

በአካባቢያችን ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም። ኤክስት4 ጆርናል (ለውጥን አስቀድሞ የሚመዘግብ ማስታወሻ) ስላለው መብራት ሲጠፋ የፋይል ሲስተሙ አወቃቀር ብዙውን ጊዜ ይድናል። ጆርናሉ የሚጠብቀው አወቃቀሩን እንጂ የፋይሉን ይዘት አይደለም። በነባሪ በየ5 ሰከንዱ ነው ወደ ዲስክ የሚያጸናው፤ በዚያ መሐል የተጻፈው ሊጠፋ ይችላል። ዳታቤዞች የራሳቸው ጥበቃ አላቸው፤ ግን ዲስኩ ወይም የሬድ ካርዱ «ጽፌያለሁ» ብሎ በጊዜያዊ ማኅደሩ ይዞት ከነበረ ጥበቃው አይሠራም። የካርዱ ባትሪ የሞተ ከሆነ «ራይት ባክ» የሚለውን ወደ «ራይት ስሩ» ይለውጡ። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ መረጃው ግን ይተርፋል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) የግድ ነው። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። በተግባር የሚገኘውን ግማሹን ብንወስድ 100 ዋት የሚስብን ሰርቨር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያቆየዋል፤ ባትሪው ሲያረጅ ያነሰ። ያ ጊዜ ሥራ ለመቀጠል አይደለም፣ በሥርዓት ለማጥፋት ነው። ስለዚህ ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ያገናኙና «ኤንዩቲ» የሚባለውን ጥቅል ይጫኑ፤ ባትሪው ሲዳከም ሰርቨሩን ራሱ ያጠፋዋል። ያለዚህ ገመድ ዩፒኤስ ድንገተኛውን መጥፋት በሃያ ደቂቃ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ባዮስ ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ ይነሳ ወይስ ይጥፋ የሚል ምርጫ አለ። በክረምት መብራቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ሄዶ በሚመጣበት ቦታ ራሱ እንዲነሳ ማድረግ ጎጂ ነው፤ ፍተሻው ሳያልቅ እንደገና ይቋረጣል። ጠዋት ከፍቶ የሚያስነሳ ሰው ካለ ጠፍቶ እንዲቆይ ያድርጉት።

ሲነሳ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ጥቁር ስክሪን ላይ ከቆመ ፍርሃት አያስፈልግም። የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ከላይ ጽፎታል፤ «ኤፍኤስሲኬ -ዋይ» ብለው የክፍሉን ሙሉ ስም ያስከትሉ፣ ሲጨርስ «ኤግዚት»። ኤፍኤስሲኬን በማውንት ላይ ባለ ክፍል ፈጽሞ አያስኪዱ፤ ደህናውን ያበላሻል።

ከፍታው ዲስኩን ይጎዳዋል?

ሊጎዳው ይችላል፣ ሲገዙም ማወቅ ያለብዎ ነገር ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አብዛኞቹ አምራቾች እስከ 3,050 ሜትር ገደማ ብቻ ነው ዋስትና የሚሰጡት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ከወሰኑ በታች ነው። መሐል ሜዳና ሌሎች የመንዝ ከፍታዎች ግን ከ3,000 ይዘላሉ፣ ስለዚህ እዚያ ቢያንስ ለሲስተሙ ኤስኤስዲ ይግዙ።

በ2,800 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ማራገቢያውም በዚያው ልክ ያነሰ ሙቀት ይወስዳል። የደብረ ብርሃን ብርድ ይህንን ያካክሳል፣ መስኮት ዘግተው ሰርቨሩን ቁምሳጥን ውስጥ ካልቆለፉት በስተቀር። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ዝቅ ያለ ቆላ ነው፤ እዚያ ጠላቱ ሙቀቱ ራሱ ነው። «ስማርትሲቲኤል -ኤ» የዲስኩን ሙቀት ያሳያል። ከ45 ዲግሪ በላይ እየቆየ ከሆነ የአየር መተላለፊያውን ያስተካክሉ።

ዊንዶውሱን ሳላጠፋ ጎን ለጎን መጫን እችላለሁ?

ይቻላል፣ ለሰርቨር ግን አንመክርም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ጠፍቷል ማለት ነው። ሁለቱም ካስፈለጉ አንዱን በቨርቹዋል ማሽን ያስኪዱ። የግድ ከሆነ ዲስኩን ከዊንዶውስ ውስጥ ያጥብቡ፣ «ፋስት ስታርትአፕ»ን ያጥፉ፣ ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ካለ ደግሞ የመመለሻ ቁልፉን በወረቀት ይያዙ።

«ቦታ የለም» ይላል፤ «ዲኤፍ -ኤች» ግን ባዶ ቦታ ያሳያል። እንዴት?

ብዙውን ጊዜ ኢኖድ (የእያንዳንዱን ፋይል መረጃ የሚይዝ መዝገብ) አልቋል። ኤክስት4 ፎርማት ሲደረግ በየ16 ኪሎባይቱ አንድ ኢኖድ ይመድባል፤ እያንዳንዱ ፋይል አንድ ይወስዳል። ሚሊዮን ጥቃቅን ፋይሎች የሚፈጥር ፕሮግራም ቦታው ሳይሞላ ኢኖዱን ይጨርሳል። «ዲኤፍ -አይ» ያሳይዎታል። ቁጥሩ ከፎርማት በኋላ ለብቻው አይጨመርም፣ ክፍሉ ሲሰፋ ግን አብሮ ያድጋል፤ ያ ያልተነካ ትርፍ እዚህም ይደርሳል።

ተቃራኒው ሁኔታም አለ፦ ትልቅ ሎግ ሰርዘው ቦታው አልመለስ ሲል። ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም እስካልተዘጋ ድረስ ቦታው አይለቀቅም፤ አገልግሎቱን ዳግም ያስነሱት። በተጨማሪም ኤክስት4 ከእያንዳንዱ ክፍል 5 በመቶ ለአስተዳዳሪው ይይዛል፤ 500 ጊጋባይት ላይ ይህ 25 ጊጋባይት ነው። ለ/ኤስአርቪ «ቲዩን2ኤፍኤስ -ኤም 1» ብለው የክፍሉን ስም ሲያስከትሉ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ለሩት ግን 5ቱን ይተዉለት።

ከዊንዶውስ የገለበጥኳቸው አንዳንድ የአማርኛ ስም ያላቸው ፋይሎች «ስሙ ረዘመ» ብለው ቀሩ።

ኤክስት4 ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚወስድ ስሙ ከ85 ፊደል መብለጥ አይችልም። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ እስከ 255 ፊደል ይቀበል ነበር። የደብዳቤውን ጉዳይ በሙሉ የፋይል ስም ማድረግ በተለመደበት ቢሮ ይህ በየቀኑ ያጋጥማል። ከመገልበጥዎ በፊት ረጃጅሞቹን ያሳጥሩ።

የፓርቲሽን መለያ ስም ደግሞ ከዚህ ይጠባል፦ በኤክስት4 16 ባይት ነው፣ ይኸውም አምስት ፊደል። መለያውን በላቲን ይስጡት፤ የሰርቨሩ ጥቁር ስክሪን በነባሪ ፊደላችንን ስለማያሳይ በችግር ሰዓት ሊያነቡት አይችሉም።

ኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲነሳ የሚከፈቱ ክፍሎች ዝርዝር) ላይ አዲስ ዲስክ ጨመርኩ፣ ሰርቨሩ ከዚያ በኋላ አልነሳም አለ።

የተጻፈው ዲስክ ካልተገኘ ሲስተሙ 90 ሰከንድ ይጠብቅና ወደ ድንገተኛ ሁነታ ይገባል። ኢንተር ብለው ይግቡ፣ ሩቱ ለንባብ ብቻ ከሆነ «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /» ይበሉ፣ ስህተት ያለበትን መስመር ያስተካክሉ። ለወደፊቱ ዲስኩን «ቢኤልኬአይዲ» በሚያሳየው ዩዩአይዲ (የክፍሉ ልዩ መለያ ቁጥር) ይጻፉት፣ ተነቃይ ለሆነ ሁሉ «ኖፌይል» (ባይገኝም መነሳቱን ቀጥል) ይጨምሩበት። ዳግም ከማስነሳትዎ በፊትም «ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ» ያስኪዱ።

ሎጉ ላይ ያለው ሰዓት ሰው ከሚነግረኝ ጋር አይገጥምም።

የሰዓት ክልሉን አፍሪካ/አዲስ አበባ ላይ ያድርጉት። ከዚያም ስድስት ሰዓቱን ያስታውሱ፦ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ» ከተባለ ሎጉ ውስጥ የሚፈለገው 08:00 ነው።

ሬድ1 ካለኝ ባክአፕ ለምን?

ሬድ ዲስክ ሲሞት ያድናል። በስህተት የተሰረዘ ፎልደር ግን ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል፣ ሌባና መብረቅም ሁለቱን አብረው ይወስዳሉ። /ኤስአርቪን በየሳምንቱ በ«አርሲንክ» ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ፣ ዲስኩም በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። ከሰርቨሩ ጋር ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ባክአፕ አይባልም።

ፓርቲሽን በስህተት ሰረዝኩ!

ሰርቨሩን ዳግም አያስነሱት፣ ምንም አይጻፉበት። የተሰረዘው ሰንጠረዡ እንጂ መረጃው አይደለም፤ ክፍሉ ማውንት ላይ ከነበረ አሁንም ይከፈታል፣ ወዲያው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ቀድሞ በ«ኤስኤፍዲስክ -ዲ» የተቀመጠ የሰንጠረዥ ቅጂ ካለ መልሶ መጻፍ ይቻላል። ከሌለ «ቴስትዲስክ» የክፍሎቹን መጀመሪያና መጨረሻ ፈልጎ ሊያገኝ ይችላል። ቅጂው ጥቂት ኪሎባይት ብትሆን ነው፤ ዛሬ ለሁለቱም ዲስኮች አውጥተው በፍላሽ ላይ ያኑሩ፣ አንድም በወረቀት ያትሙና ከሲሪያል ቁጥሮቹ ጎን ይለጥፉት።